መርዙ ከበሮው ውስጥ ለምን ይገባል?

የቆዳ ፋብሪካ ብክለት ሲነሳ ብዙዎች የሚጠይቁት «ማጣሪያ አለው ወይ?» ብለው ነው። በኬሚስትነቴ ግን ጥያቄው ከዚያ ቀድሞ፣ ከማልፊያው ከበሮ ቢጀምር እላለሁ።

በተለመደው አሠራር የቆዳው ጸጉር የሚነሳው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው። ከዚህ ሥራ የሚወጣው ውሃ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይወጣል። ጋዙ ሲያንስ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ሠራተኛው ሽታው የጠፋ መስሎት ፍሳሽ ጉድጓድ ይወርዳል። በየአገሩ በዚህ መንገድ ሰው ሞቷል። ቀጥሎ የሚመጣው ቆዳ ማልፊያው ክሮም ነው፤ በተለመደው አሠራር ሲሶ ያህሉ ቆዳው ሳይዘው ከውሃው ጋር ይወጣል። የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚገባበት የሞጆ ወንዝ ደግሞ መድረሻው የቆቃ ሐይቅ ነው።

ጸጉር የሚያላቅቁ ኢንዛይሞች አሉ፤ ክሮምንም መልሶ መጠቀም ይቻላል። ነገር ግን የኛ በግ ቆዳ ስስ ነው፤ ኢንዛይሙ ትንሽ ከቆየበት የቆዳውን ፊት ይበላዋል። ስለዚህ መጠኑንና ሰዓቱን በራሳችን ቆዳና ውሃ መሞከር ግድ ነው። በሙከራ የሚበላሸውን ቆዳ አንድ ፋብሪካ ብቻውን አይችለውም።

በጀት የምትመድቡ ኃላፊዎችና አጋር ድርጅቶች፦ ለማጣሪያ ግንባታ ስትመድቡ ለምርምሩም መድቡ።