የልጅዎ ልብ ከልክ በላይ ሲፈጥን

ሲሯሯጥ የዋለ ልጅ ልቡ ቢፈጥን አያስደንቅም፤ ጥቂት ሲያርፍ ይረጋጋል። ተቀምጦ ወይም ተኝቶ ሳለ በድንገት ፈጥኖ አልበርድ ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በዕረፍት ላይ የጨቅላ ልብ በደቂቃ ከ220፣ ከ1 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ደግሞ ከ180 በላይ ከመታ፣ ልብን የሚያዘው የኤሌክትሪክ ሥርዓት ተዛብቶ ሊሆን ይችላል።

ጨቅላ ሕመሙን አይናገርም። ጡት እምቢ ማለት፣ መነጫነጭ፣ መገርጣትና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ምልክቶቹ ናቸው።

እጅዎን ደረቱ ላይ አድርገው የ15 ሰከንዱን ምት ይቁጠሩና በ4 ያባዙት። ለመቁጠር እስኪያስቸግር ከፈጠነ «ያልፍለታል» ብለው አይጠብቁ። ይርጋጨፌ ያሉ ወላጆች በከተማው ሆስፒታል የመጀመሪያውን እርዳታ አግኝተው፣ ካስፈለገ ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላካሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ሐኪሞቹ በልብ ምርመራ መሣሪያ ምቱን ያነባሉ። ልጁ ካልደከመ፣ ለጨቅላ በረዶ ያለበት ከረጢት አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን ለሰከንዶች ፊቱ ላይ ይደረጋል፤ ተለቅ ያለው በጠባብ ቱቦ አጥብቆ እንዲነፋ ይታዘዛል። አልመለስ ካለ አዴኖሲን የተባለው መድኃኒት በደም ሥር በፍጥነት ይሰጣል። ራሱን ከሳተ ደግሞ ምቱን ጠብቆ የሚለቀቅ መጠነኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት ያስፈልገዋል።

ዓይኑን በፍጹም አይጫኑ፤ ጉዳት ያስከትላል። በረዶውንም ሐኪም ሳያሳይዎ ቤት ውስጥ አይሞክሩ። ሕመሙ ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉን አያቋርጡ፤ በቡና አገር ለሚያድግ ልጅም ቡና ከመስጠትዎ በፊት ሐኪሙን ያማክሩ።