ከሩዝ ፍሬ የምታንሰው

ባለፈው ክረምት ጉደር አጠገብ አንዲት እናት ከበቆሎ ቅጠል ላይ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ነጭ ነገር በአውራ ጣታቸው ሲፈጩ አየሁ። «የተምቹ እንቁላል ናት ልጄ፤ ሳትፈለፈል ልቅደማት!» አሉኝ። አጠገቧ አንድ ትል ደርቆ ነበር። ነገሩ ከንክኖኝ ጠይቄ ደረስኩበት፤ የፈጩት ተምቹን የገደለችውን ተርብ ነበር።

የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. ሸካ ዞን፣ የኪ ወረዳ ከታየ ወዲህ ገበሬው ያየውን አበሳ አንባቢ ያውቀዋል። «ቀን ስለቅም እውላለሁ፣ ሌሊት ሲበላ ያድራል። ልጅ እንኳ እንዲህ አላስቸገረኝም» ይላሉ እኚሁ እናት።

በዚያው በ2017 (እ.ኤ.አ.) የአገራችንን በቆሎ የፈተሹ ተመራማሪዎች ከተለቀሙት ትሎች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑት ውስጥ ኮቴሲያ ኢሲፔ የምትባል ጥገኛ ተርብ አገኙ። ማንም ገዝቶ አላመጣትም። ስሟን የወሰደችው ናይሮቢ ካለው ኢሲፔ ከተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ሲሆን፣ ሳይንስ የመዘገባትም በዚያው ዓመት ነው። ገና ለጋ የሆነውን ትል ወግታ እንቁላሏን ሆዱ ውስጥ ትጥላለች፤ ጫጩቷ ከውስጥ እየበላችው ታድጋለች፣ ቆዳውን ቀድዳ ወጥታ ነጭ ድር ትጠቀልላለች፣ ትሉ ይሞታል። እህቷ ኮቴሲያ ፍላቪፐስ ደግሞ ከፓኪስታን መጥታ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ኬንያ ውስጥ በአገዳ ቆርቁር ላይ ተለቀቀች፤ እኛ ሳንለቃት ድንበር ተሻግራ እዚህ ተገኘች። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ።

የበቆሎ ዘር የሚወጣበት ባኮ ከጉደር ጋር አንድ ዞን ውስጥ ነው፤ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር የሚካሄድበት አምቦም እዚሁ። በመካከላቸው ያለችው ገበሬ ግን ወዳጇን በጣቷ ትፈጫለች። ኬሚካል ሲከፋፈል ስለ ተርቧ ይነገር እንደሆነ አንድ ኃላፊን ጠየቅኩ። «ደብዳቤ ይዘህ ና» አሉኝ፤ ይዤ ስሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ።

መርጨቱ ተርቧንም ይገድላል፤ ለመርጫው የሚከፈለው ደግሞ ከእኚህ እናት ኪስ ነው።

ቅዳሜ ፎቶ ይዤ ተመለስኩ። የተምቹ እንቁላል በክምር እንደሚጣልና ጸጉር መሰል ነገር እንደሚለብስ፣ የተርቧ ድር ግን ነጠላና ጥርት ያለ መሆኑን አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩ። «የፈጨኋቸውን ማን ይመልስልኛል?» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሌላ ቅጠል ገለጡ፦

«ይቺስ? የኛ ናት ወይስ የሱ?»