የመስቀል በግና የልጅ ልብ

የመስቀል በዓል ሲቃረብ ከገበያ ተገዝቶ በግቢ የሚታሰረው በግ ለአዋቂው የድግስ ዝግጅት ሲሆን፣ ለልጅ ግን የጥቂት ቀናት ጓደኛ ነው። ልጁ ሣር ያበላዋል፤ ስም ያወጣለታል፤ የመታረጃው ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ትልልቆቹም «ልጅ ነው፤ ይረሳዋል» ብለው ያልፉታል።

ይህ ለብዙዎቻችን ቤት እንግዳ ያልሆነ ነገር፣ ያሬድ ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2015 ላቀረበው «ላምብ» ለተሰኘው ፊልም የታሪኩ ቋጠሮ ሆኗል። ርእሱ በእንግሊዝኛ የበግ ግልገል ማለት ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመካተት ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ለመሆን በቅቷል።

ኤፍሬም የ9 ዓመት ልጅ ነው። እናቱ በድርቁ ዘመን ሞታበታለች። አባቱም ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ርቀው በተራሮች መካከል ለሚኖሩ ዘመዶቹ በአደራ ይሰጠዋል። ከቀድሞው ኑሮው ተከትላው የመጣችው ቹኒ የተባለችው በጉ ብቻ ናት። አጎቱ ሰሎሞን ግን ለመስቀል በዓል ይህችኑ በግ በገዛ እጁ እንዲያርዳት ያዘዋል።

ሰሎሞንን ጨካኝ ብሎ ማለፍ አይገባም። የብዙ ሰው ጉሮሮ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ አባወራ ነው፤ ወንድ ልጅም እርሻን መልመድ አለበት ብሎ ያምናል። የኤፍሬም እጅ የሚቀናው ግን ለምግብ ሥራ ነው። ስለዚህ ሳምቡሳ እየሠራ በገበያ ይሸጣል፤ ገንዘቡንም ወደ ትውልድ መንደሩ ለሚመለስበት የአውቶቡስ ዋጋ ያጠራቅማል። በዚያው ቤት የምትኖረው ወጣቷ ጽዮንም ከትዳር ይልቅ ጋዜጣ ማንበብን በመውደዷ ትወቀሳለች።

ለመሆኑ ልጁ ሊመለስበት የሚመኘው ቤት የት ነው? እናቱ የለችም፤ አባቱም በዚያ የለም። እንግዲህ ለእርሱ ቤት ማለት ጣሪያና ግድግዳ ሳይሆን፣ ከእናቱ የተማረው ሙያና በገመድ የሚስባት በግ ናቸው። ለአጎቱ የአንድ ቀን ድግስ የሆነው ነገር፣ ለኤፍሬም የቀረችውን ቤት ማፍረስ ነው። ዳይሬክተሩ ራሱ በልጅነቱ ከአዲስ አበባ ተለይቶ ወደ አሜሪካ የሄደ በመሆኑ፣ የዚህን መለየት ሕመም ያውቀዋል። ፍጻሜውን ለተመልካች እንተዋለን።

በየቤታችን የዘመድ ልጅ ማሳደግ የቆየ ወግ ነው። ለአደራው ልጅ እንጀራ፣ ልብስና ትምህርት እናስባለን፤ እርሱ ግን ከቤቱ ምን ይዞ እንደመጣ ብዙ ጊዜ አንጠይቀውም። በዚህ በዓል ከበጉ አጠገብ ቁጭ ብሎ ዝም ያለ ልጅ ብናይ፣ «ይረሳዋል» ከማለታችን በፊት ጎኑ ተቀምጠን ስለ እናቱ እንጠይቀው። ምናልባትም ቤታችን ቤቱ መሆን የሚጀምረው ከዚያች ሰዓት አንሥቶ ይሆናል።

መልካም የመስቀል በዓል!