ሮቦት እየጣለ ሲማር ወጪውን ማን ይችላል?

ሮቦት ዕቃ ማንሳትን ራሱ እየሞከረ፣ የያዘውንና ያመለጠውን እየመዘገበ ሊማር ይችላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረገው ሙከራ ከ6 እስከ 14 የሚደርሱ የሮቦት ክንዶች በሁለት ወር ከ800 ሺህ ጊዜ በላይ ዕቃ ለማንሳት ሞክረዋል። መዝጋቢ ሠራተኛ አላስፈለገም፤ ጣቶቹ ምንም ሳይዙ ከተዘጉ ሙከራው ከሽፏል ማለት ነው።

ታዲያ ትምህርቱ ርካሽ ነው? በፍጹም! ኮምፒዩተር ጽሑፍን በቅጽበት ያነባል፤ ክንድ ግን ለእያንዳንዷ ሙከራ ሰከንዶች ይፈጃል፣ ጣቶቹም ያልቃሉ። ይህን ሁሉ ክንድ ገዝቶ ለወራት ያለ ሽያጭ ማሠራት የአነስተኛ ድርጅት አቅም አይደለም።

ውጤቱ የሚናቅ አልነበረም። በ2018 በ7 ሮቦቶች ከ580 ሺህ በላይ ሙከራ ተሰብስቦ፣ ሮቦቶቹ አይተዋቸው የማያውቋቸውን ዕቃዎች ከመቶ 96 ጊዜ አንስተዋል። ሆኖም የጉግል ባለቤት አልፋቤት በ2023 ወጪ ሲቀንስ ኤቭሪደይ ሮቦትስ የተባለውን የሮቦት ክፍሉን ዘግቷል።