መረቁን የቀመሱት ሽማግሌ፦ ስለ አሜሪካ ፈጣን ምግብ ቤቶችና ስለ ደንበኞቻቸው ፍርድ

በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ አገር ስለ ፈጣን ምግብ የሚሰማው ክርክር፣ ቀድሞ ሐኪሞች ስለ ስብና ስለ ጨው ያነሡት ከነበረው የተለየ ነው፤ የአሁኑ የመጣው ከበላተኛው ከራሱ፣ ያውም ከኪሱና ከምላሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2023 በኮኔቲከት ግዛት፣ በአውራ ጎዳና ዳር በሚገኝ አንድ የማክዶናልድስ ቤት፣ አንድ ቢግ ማክ ከድንች ጥብሱና ከለስላሳው ጋር ወደ 18 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ መሸጡን የሚያሳይ ፎቶግራፍ አገር ላገር ሲዞር፣ ነገሩ የአንድ ቤት ዋጋ መሆኑ ቀርቶ የብዙ ሰው ብሶት ምስክር ሆነ። የኩባንያው የአሜሪካ ክፍል ኀላፊ ጆ ኤርሊንገር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በአደባባይ በጻፉት ደብዳቤ፣ ያ ቤት ከ13,700 በላይ ከሆኑት አንዱ ብቻ መሆኑን፣ የቢግ ማክ አማካይ ዋጋም እ.ኤ.አ. በ2019 ከነበረበት 4.39 ዶላር ወደ 5.29 ዶላር ማደጉን፣ ይኸውም ጭማሪው 21 በመቶ እንጂ ሰው እንደሚያወራው እጥፍ አለመሆኑን አስረዱ። ቍጥሩን የሚያስተባብል አልነበረም፤ ነገር ግን ደንበኛ ዋጋን የሚመዝነው በአማካይ ሳይሆን በትዝታ ስለ ሆነ፣ ደብዳቤው ቅሬታውን አላበረደውም። አንድ ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 2024፣ ኩባንያው ማክደብል ወይም የዶሮ ሳንዱች፣ ትንሽ የድንች ጥብስ፣ አራት ፍሬ የዶሮ ቍራጭና ትንሽ ለስላሳ በአንድነት በ5 ዶላር ማቅረብ ጀመረ። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2025 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት በአሜሪካ የነባር ቤቶቹ ሽያጭ በ3.6 በመቶ ወረደ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ደግሞ ቀድሞ ትቶት የነበረውን በጥቅል የሚሸጥ ምግብ መልሶ አመጣ።

የጭማሪው ምክንያት ስውር አይደለም፤ የበሬ ሥጋ ተወዷል፣ ደመወዝም አድጓል፤ በካሊፎርኒያ የታላላቆቹ ፈጣን ምግብ ቤቶች ሠራተኛ ዝቅተኛ ክፍያ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በሰዓት 20 ዶላር ሆኗል። ከዚህም ሌላ ከማክዶናልድስ ቤቶች 95 በመቶ ያህሉ ስሙን ተከራይተው የሚነግዱ የግል ባለቤቶች ንብረት ስለ ሆኑና ዋጋውን የሚወስኑት እነርሱ ስለ ሆኑ፣ አንዱ ምግብ እዚህ ሌላ፣ ከወንዙ ማዶ ሌላ ዋጋ ይጠራበታል። ደንበኛውን የሚያስቈጣው ይህ መለያየት ነው፤ በሩ ላይ ያለው ስም አንድ ነውና።

ጥንተ ነገሩን ለሚሻ፣ የዚህ ንግድ መሠረቱ ከጣዕም በፊት እምነት ነበረ። የአፕተን ሲንክሌር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1906 የሥጋ ፋብሪካዎችን እድፍ ካጋለጠ በኋላ አሜሪካዊው የተፈጨ ሥጋ ይፈራ ስለ ነበረ፣ ዋይት ካስል የተባለው ቤት እ.ኤ.አ. በ1921 በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ ሲከፈት ግድግዳውን ነጭ አድርጎ፣ ምድጃውን ከበላተኛው ፊት አቁሞ፣ በርገሩን በ5 ሳንቲም ሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1948 የማክዶናልድ ወንድማማቾች በሳን በርናርዲኖ የነበራቸውን ምግብ ቤት ለጥቂት ጊዜ ዘግተው የምግቡን ዝርዝር አሳጠሩ፤ አስተናጋጆችን አሰናብተው በርገሩን በ15 ሳንቲም ማውጣት ጀመሩ፤ ሬይ ክሮክ የተባለ ነጋዴም እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ሥርዓታቸውን በአገሩ ሁሉ ዘረጋው። ከዚህ የተወለደው ቃል ኪዳን ሁለት አንቀጽ ብቻ ነበረው፦ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ትናንት የበላኸውን ዛሬ፣ እዚህ የበላኸውንም እዚያ ታገኛለህ። ዛሬ የሚሰማው ስሞታ ሁሉ፣ ቃሉ ቢለያይም፣ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ፈረሰ የሚል ነው።

ስለ መጠን ከተነሡት ክርክሮች ለእኔ የሚደንቀኝ የሰብዌይ ነው። የዚህ ቤት ረጅም ሳንዱች ስሙ ራሱ «አንድ ጫማ» የሚል የርዝመት ልክ ሲሆን፣ ማያሚ ያለ አንድ የቅርንጫፍ ባለቤት በ5 ዶላር መሸጥ ጀምሮት እ.ኤ.አ. በ2008 በአገሩ ሁሉ ተስፋፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አውስትራሊያዊ ወጣት ሳንዱቹን ከማስመሪያ አጠገብ አስተኝቶ 11 ኢንች ብቻ መሆኑን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሲያወጣ፣ በአሜሪካ ክስ በክስ ላይ ተደራረበ፤ ኩባንያውም ዳቦውን ለመለካት ቃል ገብቶ፣ ለጠበቆቹ 520,000 ዶላር ሊከፍል ታረቀ። ሆኖም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የዳቦው ሊጥ መጠኑ አንድ መሆኑን፣ አጥሮ የሚታየውም በመጋገር ጊዜ በሚመጣ መለዋወጥ መሆኑን አይቶ፣ ዕርቁ ለበላተኛው አንዳች የማይጠቅም ነው ሲል ሻረው። ፍርዱ በሕግ በኩል ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ ማስመሪያውን ያነሣውን ልጅ የሚወቅሱትን አልተባበርም። ነጋዴ መስፈሪያን ስም አድርጎ ከጠራ፣ ገዢ ስሙን መስፈሩ ተገቢ ነው፤ በእኛም ገበያ ቁናው የጐደለበት ሰው እህሉ ያው ነው ቢባል አይጽናናም። ይኸው ዳቦ እ.ኤ.አ. በ2020 በአየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ፣ የስኳሩ ክብደት ከዱቄቱ 10 በመቶ ሆኖ ሳለ ሕጉ ከ2 በመቶ በላይ ስለማይፈቅድ፣ ለግብር ጉዳይ «ዳቦ» ሊባል አይችልም ተብሏል።

ስለ ፍጥነት፣ በመኪና መስኮት በኩል ስለሚሰጠው መስተንግዶ፣ በስልክ ስለሚታደለውም የቅናሽ ኩፖን ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ቅናሽ ለማግኘት ስምንና ልማድን ለኩባንያ ማስመዝገብ ዋጋን መልሶ መክፈል ነው ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም። ስለ ንጽሕና ግን ዝም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1993 ጃክ ኢን ዘ ቦክስ በተባለው ቤት አደገኛ ተሐዋሲ ይዞ፣ በሚገባም ሳይበስል በቀረበ ሥጋ አራት ሕፃናት ሞተዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት ያንን ተሐዋሲ የያዘ የተፈጨ ሥጋ እንዳይሸጥ የከለከለው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጸው ደግሞ በማክዶናልድስ በርገር ውስጥ በገባ ጥሬ ሽንኩርት ሳቢያ ከአንድ መቶ የሚበልጡ ሰዎች ታመው አንድ ሰው ሞቷል።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ለሚኖረው የእኛ ሰው ከሁሉ የቀረበው የድንች ጥብሱ ታሪክ ነው፤ በዐቢይ ጾም በሥራ መካከል የራበው ጾመኛ ብዙ ጊዜ የሚሸሸው ወደ እርሱ ነውና። የማክዶናልድስ ድንች እስከ እ.ኤ.አ. 1990 ድረስ የሚጠበሰው በበሬ ሞራ ነበር፤ ስለ ልብ ሕመም በተነሣው ዘመቻ ምክንያት ወደ አትክልት ዘይት ተለወጠ፤ የቀድሞውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችም ጣዕሙ ያን ቀን ሞተ እያሉ እስከ ዛሬ ያዝናሉ። ነገር ግን ዘይቱ ቢለወጥም የሥጋ ማጣፈጫ በድንቹ ውስጥ እንደ ነበረ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲታወቅ፣ ሥጋ መብላት በሃይማኖታቸው የተከለከለ የሂንዱ አማኞችና ሥጋ የማይበሉ ሌሎች ሰዎች ከሰሱ፤ ኩባንያውም በሚቀጥለው ዓመት ይቅርታ ጠይቆ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በአሜሪካ የሚሸጠው ዛሬም ከወተትና ከስንዴ የሚገኝ ነገር ያለበት የበሬ ሥጋ ማጣፈጫ አለው፤ ስለዚህ በእኛ ሥርዓት ፍስክ ነው። እኔም አንድ ጊዜ በሁዳዴ፣ ስሙን በማልጠራው በሌላ ምግብ ቤት፣ በድንቹ ውስጥ ሥጋ ነክ ነገር እንዳለ ጠይቄ «ድንች ብቻ ነው» የሚል መልስ አግኝቼ በላሁ፤ ማታ ዝርዝሩን ሳነብ የወተት ዱቄት አገኘሁበት። መልስ የሰጠችኝ ልጅ ዋሽታ አልነበረም፤ ያስተማራት አልነበረም እንጂ። ጾመኛን የሚመለከት ዝርዝር ከዋጋው አጠገብ ቢጻፍ ምን ይጐዳ ነበር?

አሁን ወደምወዳቸው ሰው ልምጣ። ሃርላንድ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1890 ተወልደው፣ ብዙ ሙያ ሞክረው፣ በኬንታኪ ግዛት በኮርቢን ከተማ ከነዳጅ ማደያቸው ጋር ለመንገደኛ ዶሮ ይጠብሱ ነበር፤ ኮሎኔል የተባሉትም ከጦር ሜዳ ሳይሆን የግዛቱ ገዢ በሰጣቸው የክብር ማዕርግ ነው። ዶሮን በመጥበሻ መጥበስ ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ በዘይት ማጥለቅም ጣዕሙን ስለሚያጠፋው፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለውን ድስት ለጥብስ አዋሉት። አዲሱ አውራ ጎዳና ከተማዋን ትቶ እንዲያልፍ ሲወሰን ቤታቸውን በሐራጅ ሸጠው፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ካለፈ በኋላ፣ በወር 105 ዶላር የጡረታ ገንዘብ ይዘው፣ ድስታቸውንና ቅመማቸውን በመኪና ጭነው ከምግብ ቤት ወደ ምግብ ቤት መዞር ጀመሩ፤ ባለቤቱ ቀምሶ ከወደደው ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ዶሮ ጥቂት ሳንቲም ሊከፍላቸው በእጅ መምታት ብቻ ይስማማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ከ600 በላይ ቤቶች የነበሩትን ይህን ንግድ በ2 ሚሊዮን ዶላር ሸጡት፤ ፊታቸውና ነጭ ልብሳቸው ግን በማስታወቂያ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የዚህ ዳሰሳ ልብ። ሽማግሌው ገንዘባቸውን ተቀብለው ዝም ማለት ሲችሉ፣ በሥዕላቸው ሥር ወደሚነግዱት ቤቶች ሳይታሰብ እየገቡ ከዶሮው ጋር የሚቀርበውን ወፍራም መረቅ ይቀምሱ ነበር። የእርሳቸው መረቅ ከጥብሱ የሚቀረውን ቅንጥብጣቢ ይዞ በጥንቃቄ የሚሠራ ስለ ነበረ፣ በአዲሶቹ ባለቤቶች ዘመን ጊዜና ገንዘብ ለመቈጠብ ተለውጦ ሲያገኙት አፋቸውን አልከደኑም። እ.ኤ.አ. በ1975 ለሉዊቪል ጋዜጣ በሰጡት ቃል መረቁን የግድግዳ ወረቀት ከሚለጠፍበት ሙጫ ጋር አመሳሰሉት፤ ውሃ ከዱቄትና ከስታርች ጋር ተቀላቅሎ ነው ሲሉም መሰከሩ። ቦውሊንግ ግሪን ያለው የኩባንያው ቤት ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሳቸው። የኬንታኪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978፣ ሽማግሌው የተናገሩት ስለ አንድ የታወቀ ቤት አይደለም በማለት ክሱን ውድቅ አደረገው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኮሎኔሉ ደንበኛ ናቸው፤ ከደንበኛም ሁሉ የሚልቁ፣ የመጀመሪያውን ጣዕም በምላሳቸው ይዘው የሚዞሩ ደንበኛ። በማብሰያ ቤት አንድ ቅመም ሲቀነስ ሒሳብ ሹሙ የሚያየው ትርፉን ነው፤ ቀጥሎም ሌላ ይቀነሳል፤ እያንዳንዱ ቅናሽ ለብቻው ሲታይ ከቍጥር የማይገባ ይመስላል። ያ ሁሉ ተደምሮ ሲመጣ የሚያውቀው የቀድሞውን የሚያስታውስ ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚለውን በላተኛ ናፍቆት ያሳሳተው ሰው አድርገው የሚያልፉት ኩባንያዎች ያላቸውን ብቸኛ ሚዛን ይጥላሉ።

ሚዛኑን ያልጣለም አለ። ዶሚኖስ ፒሳ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ፣ ቂጣህ ካርቶን ይመስላል፣ ስልስህም ኬቸፕ ነው የሚለውን የደንበኞቹን ስሞታ በገዛ ማስታወቂያው ለሕዝብ አሰማ፤ ቂጣውን፣ ስልሱንና አይቡን ከመሠረቱ ለወጠ። ኩባንያ በገዛ ገንዘቡ ነውሩን ሲናዘዝ ያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር፤ ብዙዎችም ይወድቃል ብለው ጠብቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት የአሜሪካ ነባር ቤቶቹ ሽያጭ በ14.3 በመቶ ጨመረ። በካሊፎርኒያ ያለው ኢን-ኤን-አውት የተባለው የበርገር ቤት ደግሞ መናዘዝም አላስፈለገውም፤ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ስሙን ለማንም ሳያከራይ፣ ሥጋውን ሳያቀዘቅዝ፣ ድንቹን በየቤቱ እየከተፈ ኖሯል፤ በቶሎ አለመስፋፋቱም የዚሁ ዋጋ ነው።

ኮሎኔሉ የሸጡት የኬንታኪው ዶሮ ንግድ የዛሬ ባለቤት የሆነው ያም ብራንድስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የዶሮ ቤቱን የአሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤት ከሉዊቪል ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ፕሌኖ ከተማ እንደሚያዛውር አስታወቀ። ኮሎኔሉ ግን እ.ኤ.አ. በ1980 በ90 ዓመታቸው ካረፉ ጀምሮ፣ ነጭ ልብሳቸውንና ጥቁር የአንገት ማሰሪያቸውን እንደ ለበሱ፣ በዚያችው በሉዊቪል በኬቭ ሂል መካነ መቃብር ተቀብረው ይገኛሉ።