ሚኒ ሚዲያ፦ የእረፍት ሰዓቱ ጣቢያ

ባህር ዳር ውስጥ ጣና ሐይቅ፣ ፋሲሎ ወይም ግዮን ሁለተኛ ደረጃ ለተማረ ሰው ሚኒ ሚዲያ ምን እንደሆነ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ላልደረሰበት ግን፣ ተማሪዎች በክበብ ተደራጅተው በግቢው ድምፅ ማጉያ የሚያስተላልፉት የትምህርት ቤት ጣቢያ ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። አንድ ማይክራፎን፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ ምሰሶና ጣሪያ ጫፍ ላይ የተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች፣ ድሮ ቴፕ ዛሬ ደግሞ ፍላሽ ወይም ስልክ። ስቱዲዮ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዩኒት ሊደሩ ቢሮ ወይም ከስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤቱ የተሸነሸነ ጠባብ ክፍል ነው። ደወል ተደውሎ ተማሪው ወደ ሜዳው ሲፈስ ጣቢያው ይከፈታል። በአጭሩ እረፍት ውስጥ ዜና፣ ግጥም፣ ጠቅላላ ዕውቀት፣ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ፣ የልደት መልካም ምኞትና የዘፈን ምርጫ ተጨናንቀው ይተላለፋሉ።

ከውስጥ ሲያዩት ሥራው ከባድ ነው። ጽሑፉ በሉክ ላይ በእጅ ይዘጋጃል። የክበቡ ተጠሪ መምህር አንብቦ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዛል፣ ያርማል፣ ይፈርማል። ሥራው ይከፋፈላል፦ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ድምፅ ይቆጣጠራል፣ አንዱ ከክፍል ክፍል እየዞረ ወሬ ይለቅማል። አንባቢዋ አንዲት ቃል ከሳተች ግቢው ሙሉ ይስቅባታል፤ ስህተቷም ቅጽል ስም ሆኖ ሳምንቱን ሙሉ ሊከተላት ይችላል። በማግስቱ ተመልሳ ማይክራፎን ፊት የምትቆም ልጅ ግን ከዚያ በኋላ ሰው ፊት መናገር አያስፈራትም። ይህን ማትሪክ አይለካውም።

ባህር ዳር ለዚህ ክበብ የተመቸች ከተማ ናት። በኩር ጋዜጣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የሚዘጋጀው እዚሁ ነው፤ የክልሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥንም መቀመጫቸው እዚሁ። ማይክራፎን የለመደ ተማሪ እውነተኛውን ሙያ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የለበትም።

ሚኒ ሚዲያ በየትምህርት ቤቱ እንዲህ እንዲስፋፋ አንዱ ምክንያት፣ ዛሬ ብዙ ተማሪ ባያውቀውም፣ ኤች አይ ቪ ነው። በ1990ዎቹ በየትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ ሲቋቋም መልእክቱን የሚያደርስ ድምፅ ያስፈልግ ነበርና በርዳታ የመጡት ማጉያዎች ለሚኒ ሚዲያውም ተረፉ። በሽታውን ለመከላከል የተጻፈው ድራማና ጭውውት የስንቱን ልጅ የትወና ፍላጎት እንደቀሰቀሰ እግዜር ይወቀው።

ከሌሎቹ ክበቦች ለጣና ዳርቻ የሚቀርበው የአካባቢ ጥበቃው ነው። እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ በይፋ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። አረሙ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ይበልጥ የጎዳው የሰሜንና የምሥራቁን ዳርቻ፣ ደምቢያንና ፎገራን ነው፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በዘመቻ የተነቀለውም በዚያው በኩል ነበር። ባህር ዳር ያለችው በደቡቡ ጫፍ ስለሆነ የከተማዋ ተማሪ ዋና ሥራ ሌላ ነው፦ ዳርቻው ላይ የተጣለ የውሃ ፕላስቲክ መልቀምና ችግኝ ማፍላት። ፎቶ የሚነሣው ለተከላው ነው፤ ችግኙን በበጋ የሚያጠጣው ግን የክበቡ አባል ነው።

ቀይ መስቀል፣ ሥነ ዜጋ፣ ሒሳብና ሳይንስ ክበቦችም አሉ። ግቢውን አንድ የሚያደርገው ግን ውድድር ነው፦ የክፍል ለክፍል ኳስ፣ ጥያቄና መልስ፣ ‹‹ገንዘብ ወይስ ዕውቀት›› የሚባለው የማያረጅ ክርክር። ዓመቱን ሙሉ የማይነጋገሩ ሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የክፍላቸው ተወዳዳሪ አንድ ጥያቄ ሲመልስ ተቃቅፈው ይጮኻሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ክበቦች ያሉት በወረቀት ላይ ነው። መስከረም ላይ የአባላት ዝርዝር ይለጠፋል፤ ከዚያ ሰኔ ላይ ለወላጆች በዓል አንድ ግጥም ይነበብና ያበቃል። ክበብን የሚያኖረው አንድ ትጉ ተጠሪ መምህር ነው፤ እሱ ከተዛወረ ክበቡም አብሮት ይሄዳል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከታወቀ ወዲህ ደግሞ ክበብን እንደ ጊዜ ማባከኛ የሚያይ ወላጅ አይታጣም። ጭንቀቱ ይገባኛል፤ ፍርዱን ግን አልቀበለውም። ከክበብ የተከለከለ ልጅ በዚያች ሰዓት ሁልጊዜ ደብተር አይገልጥም፤ ስልኩን ነው የሚገልጠው። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ ላየ ሰው ደግሞ፣ ተማሪ ግቢውን ናፍቆ እንዲመጣ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ዋጋ አለው።

የቀድሞ ተማሪዎች ሆይ፣ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ጎራ ስትሉ ሚኒ ሚዲያው ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። የተቃጠለ አምፕሊፋየር ካለ አሠሩላቸው። ርዕሰ መምህሩን ስታገኙም ለተጠሪ መምህሩ የክፍለ ጊዜ ጫናውን እንዲያቀልለት ንገሩት።