በአሮጌ አውቶሞቢል ውስጥ ያለው የሙቀትና የብርድ ማስተካከያ ሲበላሽ

ከጫግኒ ተነሥቶ ወደ እንጅባራ የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ሁለት ዓይነት አየር ያገኛል። ጫግኒ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ስትሆን፣ እንጅባራ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በብርዳም ደጋ ላይ የተቀመጠች ናት። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ በመነሻው ያላባቸው ሕፃናት በመድረሻው ይበርዳቸዋል። ከዚህም የሚከፋው የተሳፋሪዎቹ ትንፋሽ በቀዘቀዘው መስተዋት ላይ ጤዛ ሆኖ የነጂውን ዐይን መጋረዱ ነው። ስለዚህ በአውቶሞቢል ውስጥ ሙቀትንና ብርድን የሚያስተካክለው መሣሪያ የድሎት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የቤተ ሰብን ሕይወት ይጠብቃል።

በራሱ እየለካ የሚሠራው ማስተካከያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለ1964 ዓ.ም. በወጣው የአሜሪካ ካዲላክ አውቶሞቢል ላይ ታየ። አሠራሩም እንዲህ ነው። ነጂው የሚወደውን ዲግሪ ይመርጣል፤ ሴንሰር የሚባሉት ትንንሽ መለኪያዎች የመኪናውን ውስጥ፣ የውጭውን አየርና የፀሓዩን ብርታት እየለኩ ለኤሌክትሮኒኩ አእምሮ ይነግሩታል። እርሱም ማራገቢያውን ያፈጥናል ወይም ያዘገያል፤ ኮምፕሬሰሩን ያዝዛል፤ የሞቀውንና የቀዘቀዘውን አየር የሚያደባልቁትን መዝጊያዎች በትንንሽ ሞተሮች ይከፍታል፣ ይዘጋል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ አሮጌውን መኪና ጠግኖ መያዝ ለብዙ ቤተ ሰብ ግድ ሆኗል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ባስቸገረ ቁጥር «ኮምፒዩተሩ ተቃጥሏል» እየተባለ ውድ ዕቃ መግዛት አይገባም። ዳኛ በሐሰት ምስክር ቃል ቢፈርድ ጥፋቱ የምስክሩ እንደ ሆነ ሁሉ፣ አእምሮውም የሚያዝዘው በተነገረው መጠን ነው። እንግዲህ አስቀድሞ ምስክሮቹ ይመርመሩ።

አንደኛ፦ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ የራዲያተሩ ውሃ ይታይ። መኪናውን የሚያሞቀው የሞተሩ ሙቅ ውሃ ስለ ሆነ፣ ውሃው ከጎደለ ሙቀት አይመጣም። ሞተሩ እንደ ጋለ ክዳኑን መክፈት ግን ሰውነትን ያቃጥላል። ቀጥሎ ፊውዞቹ ይታዩ፤ የተቃጠለው በዚያው ቁጥር በሌላ ፊውዝ ይተካ እንጂ በሽቦ አይቀጠል፤ በሽቦ መቀጠል እሳት ያስነሣልና።

ሁለተኛ፦ ማራገቢያው እየጮኸ የሚወጣው አየር ከደከመ፣ የአየሩ ፊልትሮ በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። ይህም በብዙ መኪናዎች ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት ፊት ካለው ሣጥን በስተኋላ ይገኛል።

ሦስተኛ፦ በሙቀት ቀን ሙቅ አየር ቢነፋ፣ የውስጡን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ይጠርጠር። እርሱ በክሩስኮቱ ላይ ካለች ትንሽ ወንፊት በስተኋላ ተቀምጧል። በብዙ መኪናዎች የዚህ መለኪያ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በሙቀት ይቀንሳል፣ በብርድ ይጨምራል። ሽቦው ከተቆረጠ ተቃውሞው እጅግ ስለሚበዛ፣ አእምሮው ብርድ የመጣ መስሎት ሙቀት ሊያዝዝ ይችላል። ወንፊቷ በአቧራ ከተዘጋች በለስላሳ ብሩሽ ትጠረግ።

አራተኛ፦ ከክሩስኮቱ በታች ቋ ቋ የሚል ድምፅ ቢሰማ፣ የአየር መዝጊያውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር የፕላስቲክ ጥርሱ ተሰብሮ እንደ ሆነ ይታሰብ። እርሱን ብቻ መለወጥ ይበቃል።

አምስተኛ፦ ይህ ማስተካከያ ያላቸው ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ሕመማቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። አውቶ የተባለውንና የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን መጫኛ አብሮ ተጭኖ የሞተሩን ቁልፍ ማዞር ነው። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ካሉ በኋላ ቁጥር ይታያል። 00 ጤና ነው፤ 11 የውስጡን ሙቀት፣ 12 የውጭውን፣ 21 የፀሓዩን ሴንሰር ያመለክታል። 21 ግን ሴንሰሩ ደኅና ሳለ በጨለማ ጋራዥ ውስጥም ስለሚታይ፣ ምርመራው በፀሓይ ብርሃን ይደረግ።

በቤት እጅ የማይነኩም ነገሮች አሉ። የማቀዝቀዣው ጋዝ በኀይል ታምቆ የሚኖር ስለ ሆነ፣ መለኪያ ላለው ባለሙያ ይተው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት አር 12 የተባለው ጋዝ በአር 134ኤ ስለ ተተካ ሁለቱ አይደባለቁም። ከክሩስኮቱ በታች ያሉት ቢጫ ሽቦዎችም ኤርባግ የሚባለውን የአየር ከረጢት የሚያፈነዱ ናቸውና አይነኩ።

መኪናው እስኪጠገን ድረስ በመንገድ ላይ መስተዋቱ ጤዛ ቢይዝ፣ የውስጡን አየር የሚያዞረው መጫኛ ይጥፋ፤ የውጭው አየር ይግባ፤ ኤሲው ከሙቀት ጋር አብሮ ይከፈት። ኤሲ አየሩን ከማቀዝቀዙም በላይ እርጥበቱን ያደርቃልና። ይህም ካልረዳ ዳር ይዞ መቆም እንጂ በጭፍን መንዳት አይገባም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ አባወራዎችና እመቤቶች ክረምት ከመግባቱ በፊት ይህን ምርመራ እንዲያደርጉ አደራ እንላለን።